ደርቆ የመጣ ጽጌረዳ

እንደምን ዋልሽ የኔ እናት! ወረፋ አለ እንዴ? አይ፣ እኔ ምን የሚያስቸኩለኝ አለ… ውሃው ብቻ ለብ ያለ ይሁንልኝ፤ ባለፈው ጆሮዬን ቀቅለሽው ነበር። ስቀልድ ነው ሆዴ! ፀጉሬን እንደፈለግሽ ጠቅልይው፤ ባለቤቱን መስሎ ማንም የሚጠቀልለው ሆኗል።

ጥፍሬን ግን አትዪብኝ። አፈር ነው። አዎ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ በስተርጅና አትክልተኛ ልሁን ብዬ…

ውይ፣ እዚያ ካስክ ስር ፀጉራቸውን የሚያደርቁት እመቤት ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ። ለነገሩ እዚያ ውስጥ ምንም አይሰማም ይባላል። ደግሞስ ቢሰማ? እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

እናቴ እኔ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ዓይኗ እንደደከመ ታውቂያለሽ። መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የምታየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ድሮ በራችን ላይ የነበረችው ጽጌረዳ ሽታዋ ናፈቀኝ» አለችኝ። በቃ፣ ሌላ አላለችም። እኔም ልጅ አይደለሁ? የአበባ ሻጮቹን የሥዕል መጽሔት አገላብጬ፣ ሽታዋ ከሁሉ የሚበረታውን፣ ጥቁር ቀይዋን መርጬ በፖስታ አዘዝኩላት።

ካርቶኑ መጣ። ብከፍተው አበባ የለ፣ ቅጠል የለ! በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት እሾሃም እንጨቶች፣ ጫፋቸው ላይ የሽማግሌ ጺም የመሰለ ነገር። እኔ እኮ በሥዕል ያየሁት አበባ እንዳለ የሚመጣ መስሎኝ ማስቀመጫ በውሃ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አዘጋጅቻለሁ… ሳቂ፣ ሳቂ፣ ገና መች ደረስሽ። አንደኛዋን ወዲያው በረንዳ ላይ ተከልኳታ! ጺሙ ቅርንጫፍ መሰለኝ። ቅጠል በዚህ በኩል ነው የሚወጣው ብዬ እንጨቱን አፈር ውስጥ፣ ሥሩን ወደ ሰማይ… የጨርቅ ፊትና ኋላ ዓይኔን ጨፍኜ በዳሰሳ የምለየው ሴትዮ ጽጌረዳ ዘቅዝቄ ተክዬ ጠዋት ማታ ሳጠጣ ከረምኩልሽ። እናቴ «እንቡጥ አወጣች?» ስትለኝ፣ «ጺሟ እየረዘመ ነው» እላታለሁ።

ብቻ እግዜር ሰው አያሳጣሽ! አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ከእኛ በታች፣ በሯ ላይ ቁራሽ መሬት ያላት። ስሟን ምን ያደርግልሻል? ደግ ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው። ካርቶኑ በመጣ ዕለት እኔ እጄን ሳልታጠብ እሷ ደረሰች። የሰው ዕቃ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ሰጥቷታል፣ ተባርካለች። የዘቀዘቅኳትን አየቻት፣ ደጋግማ አየቻት፣ አንድ ቃል አልወጣትም። ምን ዓይነት ጨዋነት ነው! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ነግሮኝ ያሳፍረኝ ነበር። ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን ዳሰስ አድርጋ፣ «ውይ እህቴ፣ ደርቆ ነው የመጣልሽ! አታለሉሽ!» አለች። እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረው። «ይሄ እሾህ እናትሽን ይወጋብሻል፤ አምጪ እኔ ልጣልልሽ።»

ታቅፋቸው ወረደች። ከነመመሪያ ወረቀታቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ… ተሳስተዋል። ሞኟ ለቀቀች፤ ወረቀቱም ከእንጨቶቹ ጋር ሄደ።

በማግስቱ በመስኮት ወደ ታች ብመለከት፣ በሯ ላይ ባልዲ ውስጥ እንጨቶች በውሃ ተዘፍዝፈው ቆመዋል። ምን መሰለኝ? መወልወያ! «እማዬ፣ ይቺ ሴት እንዴት ያለች ንጹሕ ናት፤ የመወልወያዋን ዘንግ ሳይቀር ትዘፈዝፋለች» ብዬ ለእናቴ አደነቅኩላት።

ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ። «ነይማ ግንዱን ቀጥ አድርገሽ ያዥልኝ፤ እህቴ ጽጌረዳ ልካልኝ ልተክል ነው።» አልወርድም? አካፋውንም እኔው ይዤ ወረድኩ። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጋ ቆፈረች፤ መሐሉ ላይ አፈር እንደ ጉብታ ቆለለችና ሥሩን እንደ ቀሚስ ዘርፍ ዙሪያውን ዘረጋችው። የተሰበረውን የሥር ጫፍ በመቀስ ከረከመች… በማን መቀስ? በኔው የልብስ መቀስ ነዋ! አፈሩን መልሳ ጠቅጠቅ፣ ውሃውን ቀስ እያለች፣ ከዚያ ግንዱን እስከ ወገቡ አፈር አለበሰችው። «እስኪያቆጠቁጥ እንዳይደርቅ ነው» አለችኝ። «ማዳበሪያ ደግሞ አሁን አይቀርበውም፤ ለጋ ሥር ያቃጥላል።» ወይ እውቀት! የት ተማረችው? አንዳንዱ እኮ ተሰጥኦ ነው፤ ወረቀት የሚያነበው እንደኔ ያለው ነው… ወረቀት ያለው።

ግንዱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ ልክ እንደኔዎቹ። «የእህትሽም ሻጭ ቀይ ክር ያስራል?» ብላት «ሁሉም ያስራል» አለችኝ። እኔም «እንዲህ ያለች እህት ማን ይሰጠኛል!» እያልኩ፣ እሾሁ መዳፌን እየወጋኝ፣ ቀጥ አድርጌ ያዝኩላት። ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል፤ እሷ በኔ ስህተት ተማረች፣ እኔ ገና እየተማርኩ ነው።

አሁን ሄደሽ አበባዋን ብታዪ! መንገደኛው ሁሉ ይቆማል። «እጅሽ የተባረከ ነው» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች፤ ትሕትናዋ! እኔም ሰው ነኝና አንድ ቀን ወርጄ፣ ለእናቴ አንዲት አበባ፣ አንዲት ብቻ፣ ብዬ ጠየቅኳት። «ገና ሕፃን ናት፤ አሁን ከተቆረጠች ትሞትብኛለች» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሕፃን ይቆረጣል? በማግስቱ ታዲያ ለቤት አከራይዋ እቅፍ ሙሉ ይዛ ስትወጣ አየኋት… ምን ታድርግ፣ ሕፃኗ በአንድ ሌሊት አደገችባት።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለውናል፤ በጣም ሲቀርብ ምን እንደሚሻል ሳይነግሩን ሞቱ።

እመቤት፣ ይቅርታ፣ መጽሔቱን ገልብጠው ነው የያዙት። አይፈሩ፣ እኔም ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጌ ነበር። ምነው ፊትዎ ቀላ? ሙቀቱ በዛብዎት? የኔ እናት፣ ነይ ካስኩን ቀንሺላቸው እንጂ… እህ? ከጠፋ ቆየ? እኔ ከገባሁ ጀምሮ? ወይ ጉድ፣ ዝም ብለው ሲቀመጡ እኮ የሚሠራ መሰለኝ።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ እናቴ። ሽታው በር አይዘጋበትም መቼም። ትናንት መስኮቱን ስከፍትላት ሽቅብ መጣና ቤቱን ሞላው። ተነሥታ ቆመች የኔ እናት፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «መጣች!» አለች። «ማነው የተከላት?» ምን ልበላት? «እማዬ፣ ለኔ ደርቃ ነበር የመጣችው፤ ጎረቤታችን ወስዳ አለመለመቻት» አልኳት። ዋሸሁ? ሁለት እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ መረቀቻት፣ ከልቧ፣ ምንም ሳታውቅ። እንዳትረሺ፣ ቃል በቃል ነው የምነግርሽ፦

«የደረቀውን ያለመለመች እጅ አትድረቅ። ዕድሜዋ ይርዘም፣ ደጇ በአበባ ይሙላ። ዓይኗ እንደኔ ደክሞ መስኮት ስር በተቀመጠች ጊዜም፣ እግዜር ልክ እንደ ራሷ ያለች ጎረቤት ይስጣት።»

አሜን በይ እንጂ የኔ እናት። እመቤት፣ እርስዎም አሜን ይበሉ… የእናት ምርቃት ነው፣ መሬት አይወድቅም።