የምንጩ ዓይን

ማስተር ፕላኑ ባስነሳው ግርግር ሰሞን ነው። ሱሉልታ አስተምሬ ወደ ቡራዩ ቤቴ ስመለስ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋና ታክሲው ሜዳ ላይ አራገፈን። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሳስተምር እኔን በእግር መሄድ ያስተማረኝ የለም። ውሃ ጠምቶኝ ከመንገዱ በታች ወዳለች ምንጭ ብወርድ አንድ ሽማግሌና አንዲት ልጃገረድ ሲከራከሩ ደረስኩ።

ሽማግሌው ኦቦ ዱቤ የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው። ማን በየትኛው ቀን ማሳውን እንደሚያጠጣ፣ ሰው ከየት እንደሚቀዳ፣ ከብት የት እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ የልጃቸው ልጅ ወርቅቱ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ትጠብቃለች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅሁ። « ውሃ ልጠጣ ብዬ ነው።»

«ነጋ፣ ነጋ!» ብለው ሰላም መሆናቸውን መለሱልኝ። «ጠጣ፣ ልጄ። አስተማሪ ትመስላለህ፤ ስትጨርስ ፍረደን» አሉኝ።

«ስልኬን ይመልሱልኝ ነው የምለው» አለች ወርቅቱ። «ምደባው ወጥቷል ይባላል። የሚታየው ደግሞ በኢንተርኔት ነው። የመግቢያው ቀን ካለፈብኝ ዓመቱ ባከነ ማለት ነው።»

«ይባላል!» አሉ ሽማግሌው። «ያስጠማን ማን ሆነና? ባለፈው ሳምንት ከዚያ ስልክ ላይ ‹የሱሉልታ ምንጮች ተመርዘዋል› ብላ አነበበችልን። የሞቱ ላሞች ፎቶም አሳየችን። እኔ ሞኙ ምንጩን በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከብቱ ከታች ከኩሬው ጠጣ፤ የጎረቤታችን የጌታቸው በሬ አልቅት ገብቶበት ጉሮሮው አበጠ። በኋላ ፎቶው የሌላ አገር ድርቅ ሆኖ ተገኘ፤ ምንጩን መልሼ ከፈትኩት። ስልኩን ዘግቼ ከጎተራው ገብስ ሥር ቀበርኩት። እዚያው ይክረም!»

የተማርኩ ነኝና ዘልዬ ገባሁ። «ኢንተርኔት ማለት እኮ፣ ኦቦ፣ ዓለም አቀፍ የመረጃ...»

«እሱን ለተማሪዎችህ!» አሉኝ። ደግነቱ ልጅቱ ከእኔ የተሻለች መምህር ነበረች።

«አካኮ» አለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ልጠይቅዎ። ልጅ ሳለሁ እዚህ ምንጭ ውስጥ ውሻ ሞቶ አልነበር?»

«ነበር።»

«ያኔ ደፈኑት?»

«ምን ብዬ! ውሃውን አፍስሰን ጠረግነው፤ አጠርነው። የሰው መቅጃውን ከላይ፣ የከብቱን ገንዳ ከሥሩ፣ ልብስ ማጠቢያውን ከዚያም በታች አደረግን።»

«ኢንተርኔትም ውሃ ነው፣ አካኮ። ከየጋራው ጠብ ጠብ እያለ ይገናኝና ወንዝ ይሆናል። እዚያ ተጂ ያለ ገበሬ ስንዴውን ዋግ ሲመታው ያወራል፤ የእኛ ሰው ሳይመታው ይጠነቀቃል። ሰበታ ያለችው ጓደኛዬ ራቢአ ሱቋን እየጠበቀች ትማርበታለች። ጎርፍም ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥንብ ይዞ ይወርዳል። እኔ ያን ቀን ከልብስ ማጠቢያው ቀድቼ አጠጣኋችሁ እንጂ ወደ ዓይኑ አልወጣሁም።»

ዓይን የሚሉት ምንጩ ከመሬት የሚፈልቅበትን ቦታ ነው።

«ኢንተርኔት ደግሞ ምን ዓይን አለው?»

«አለው እንጂ። ማን ጻፈው? ያየ ነው ወይስ የሰማ? እዚያ እስኪደርሱ ወደ ላይ መውጣት ነው። የአገሩ ስም ከፎቶው ሥር ተጽፎ ነበር፤ እኔ ደንግጬ አላነበብኩትም።»

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» አሉ ኦቦ ዱቤ ቀስ ብለው። በልቤ አጨበጨብኩላት። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። «‹ኔትወርክ ሄደ› ትላላችሁ። ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ውሃ ሄደ ሲባልስ ወዴት ነው?»

«የትም አይሄድም። ላይ የዘጋው ሰው አለ።»

«ይሄም እንደዚያው ነው።»

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱ በየጊዜው ድርግም ይል ነበርና ነገሩ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከምንጩ አፍ ገና ያልለቀቀውን ጭቃ በጣታቸው ጫሩ።

«ለካ ያስጠማን መርዝ አይደለም» አሉ። «እኔው ነኝ የዘጋሁት።»

ተነሥተው ሄዱ፤ ገብስ የለበሰውን ስልክ በነጠላቸው እየጠረጉ ተመለሱ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣን። ወርቅቱ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«ጅማ! አካኮ፣ ጅማ ደርሶኛል! መግቢያው ከነገ ወዲያ ነው!»

ኦቦ ዱቤ ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ። «ከነገ ወዲያ» አሉ። «እኔ እስከ መስቀል ላቆየው ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልረዳ ብዬ «የጅማ መንገድ ግን ሰበታ ላይ ተዘግቷል ይባላል» አልኩ።

ሽማግሌው ዞር አሉብኝ። «ዓይኑን አይተኸዋል፣ አስተማሪው?»

የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። አፈርኩ። ወርቅቱ ለራቢአ ደወለች፤ የራቢአ ሱቅ አውራ ጎዳናው ዳር ነው። «የጅማው አውቶቡስ አሁን ፊት ለፊቴ እያለፈ ነው» አለቻት።

አንባቢዬ፣ ኢንተርኔትን ከነጥንቡ ጠጡ አልልም። ያጠረውና ያጠራው ግን ከብቱን ይጠብቅበታል፣ ልጁን ያስተምርበታል፣ ወሬኛውን ያሳፍርበታል። ምንጭ የሚደፍን ሰው አስቀድሞ ራሱ ይጠማል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም።

እነሱው ዘንድ አድሬ በማግስቱ ወርቅቱ ስትሸኝ ነበርኩ። አያቷ ግንባሯን ስመው ስልኩን በእጇ አስያዟት።

«ስትደርሺ አንቺው ራስሽ ደውዪ» አሏት። «‹ደርሳለች ይባላል› እንዳይሉኝ።»