ውድድሩ እስኪያልቅ

ሚኒባሷ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ እየሄደች ነው። ከፊቴ፣ ጉልበቱን የሚያደርግበት ያጣ በጣም ረጅም ወጣትና አንድ የትውልድ መንደሩ ሽማግሌ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«መርዶውን መቼ ነገሩህ?» አሉት ሽማግሌው።

«ትናንት ጎህ ሲቀድ። አጎቴ ሁለት ሰው አስከትሎ አዲስ አበባ ድረስ መጣ።»

«አላህ ያጽናህ ልጄ። አባትህን ከቀበርነው እኮ ሦስት ወር ሆነ።»

«ነገሩኝ።»

«አትቀየመን። መርዶው ይቆይ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ልጁ በቅርጫት ኳስ ነው የሚያድረው፣ አሁን ውድድር ላይ ነው፣ እንጀራው እንዳይዘጋበት ሲያልቅ ይረዳ አልን።»

«እኔ እኮ ውድድር ላይ አልነበርኩም አባባ።»

«እንዴት?»

«ጉልበቴን ተጎዳሁና ክለቡ አሰናበተኝ። ዓመት አለፈኝ።»

«በስልክ ‹ልምምድ ላይ ነኝ› ትለን አልነበር?»

«አባቴ ‹ልጄ ተጫዋች ነው› ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷላ! እንዳያፍር ብዬ ነው። እናንተስ እሱን አገናኙኝ ስል ‹አዝመራ ላይ ነው› ትሉኝ አልነበር?»



«ሲታመም ልንጠራህ ነበር። ራሱ ከለከለን። ‹ጨዋታ አለበት፣ ልጄን እንዳታስቀሩት› ብሎ።»

«ያን ሰሞን ጓደኛዬ ቤት ተኝቼ፣ ጣራ ጣራውን ሳይ ነበር የምውለው።»

የምወርድበትን እያለፍን ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።