ወይዘሮ ስሜነሽ ከጽዋው የቀሩበት ምክንያት

ወይዘሮ ስሜነሽ እንግዳው ከአባታቸው ከአቶ እንግዳው በዛብህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደጊቱ ወርቅአየሁ በ1947 ዓ.ም. ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ቤተሰቡ ሸክላ ሠሪ ስለነበር ልጅነታቸውን ጭቃ ሲያቦኩ አሳልፈው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ዳዊት ለመድገም የሚያበቃ ንባብ ተማሩ። ከአቶ እንየው ጋር ተጋብተው ቤዛዊትን ብቻ ወለዱ፤ ባለቤታቸው ቀድመው ሲያርፉም ድስትና ማሰሮ እየሸጡ እንጅባራ አስተማሯት።

በዚያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ይበላል እየተባለ ከማኅበር ጽዋ ይከለከል ነበር። የማኅበሩ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን ወይዘሮ ስሜነሽ ሠርተው ቢያመጡም፣ የሚጠጡት ከበር ውጭ ቆመው፣ ከቤታቸው በያዙት ቅል ነበር።

ቤዛዊት መምህርት ሆና ዳንግላ ስታገባ ለባሏ ቤተሰብ እናቴ ሞታለች አለች፤ የማርያም ማኅበርም ገባች። ወይዘሮ ስሜነሽ ልጃቸውን ከሩቅም ቢሆን ለማየት ብለው ዳንግላ ዳር መጥተው ተቀመጡ። አንድ የገበያ ቀን ቤዛዊት ከአማቷ ጋር መጥታ ፊታቸው ስትቆም፣ እንደማያውቋት ሆነው አንዲት ድስት አንሥተው፣ «ይችን ውሰጂ የኔ እመቤት፤ አታንጠባጥብም» አሏት። አማቷ ድስቷን በጣታቸው አንኳኩተው፣ «እጃቸውስ ወርቅ ነው፤ ከዓይናቸው ይሰውረን እንጂ» ብለው ሳቁ። ቤዛዊትም አብራ ሳቀች።

ከዓመታት በኋላ ካህናቱ ከአንድ ቁርባን የሚቀበሉ ሰዎች በጽዋ ሊለያዩ አይገባም ብለው በማስተማራቸው፣ የማርያም ማኅበር ሽማግሌዎች ወይዘሮ ስሜነሽ ቤት ድረስ ሄደው አባል ይሁኑን ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን ጉልበቴ ደክሟል ብለው እምቢ አሉ፤ ማኅበሩም ተቀይመውን ነው ብሎ አዘነ። ቂም አልነበረባቸውም። ከቤዛዊት ጎን ቢቀመጡ መልካቸው አንድ ነውና ሰው ያውቅባታል ብለው ፈርተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙትን ጽዋ ተዉላት። ቤዛዊት ይህን እያወቀች ዝም አለች።

ከረጅም የኩላሊት ሕመም በኋላ ትናንት ጧት አረፉ። ማኅበሩ ሊቀብራቸው ሲነሣ ዜና ሕይወታቸውን እንድትጽፍ ቤዛዊትን ያዘዛት መምህርት በመሆኗ ብቻ ነው።

ከኋላቸው የቀሩት ይህን የምታነበው ልጃቸው ቤዛዊት እንየውና፣ አያታቸው እስከ ትናንት በሕይወት እንደነበሩ ገና አሁን የሚሰሙት ልጆቿ ዮዲትና ይኸነው ናቸው።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ስሜነሽን ነፍስ በቅዱሳኑ መካከል ያኑርልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ከመለመናችሁ በፊት ግን ልጃቸውን ተዉአት፣ ታልቅስ፤ በሰው ፊት እናቴ ብላ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።