ወይዘሮ ውድቅን ማን ይተካል?

ተቀመጡ። አትፍሩ፤ ወንበሮቹን ጠዋት እኔ ራሴ አንድ በአንድ አጥብቄአቸዋለሁ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይቺ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ሴት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የቤት ፈታሽ ሆና ስትመጣ፣ ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ ማለትም ለእኔ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ያቀረብኩላትን ወንበር ገለበጠችው። እግሩን ነቅነቅ አደረገች።

«ይህን ደህና ነው ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እስኪ ይቀመጡበት።»

እልኸኛ ነኝና ተቀመጥኩ። ከመሬት ያነሣኝ ዘበኛው ነበር። እሷ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ «ውድቅ» ብላ ጻፈች። ወንበሩን ይሁን እኔን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ወይዘሮ ውድቅ ሆኖ ቀረ።

ነገ ጠረጴዛዋ ባዶ ይሆናል። የሚተካት ሰው አልተመደበም። የተነሣሁት ለምስጋና ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው፤ ሥራ አስኪያጃችን ሹልክ እንዳይሉ አንድ ሰው በሩን ይያዝልኝ።

ሥራችንን ለማታውቁ እንግዶች ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤታችን አቅም ለሌላቸው ሰዎች ቤት ያከራያል። እሷ ትፈትሻለች፣ እኔ እጠግናለሁ። ማለትም እሷ ትሰድበኛለች፣ እኔ ደመወዝ እበላበታለሁ።

ቤት ስትገባ መጀመሪያ «ውሃ አጠጡኝ» ትላለች። ሰዎቹ የተጠማች መስሏቸው ያዝኑላታል፤ እሷ ግን የቧንቧውን ኃይል እያየች ነው። በቀን አሥራ አራት ቤት ውሃ ስለምትጠጣ፣ ከሰዓት በኋላ ቸኩላ የምትፈትሸው ሽንት ቤቱን ነበር። ቀጥላ ከቦርሳዋ ብይ አውጥታ ወለሉ ላይ ትለቃለች። ወለሉ ዘምሞ ብዩ ከተንከባለለ ወዮልኝ! ልጇ እዚህ ተቀምጣለች፤ ምስክር ናት። በሠርጓ ቀን እናቷ የአዳራሹን ወለል በብይ ስትፈትሽ፣ ሙሽራው «ምን ጠፋባቸው?» ብሎ በአዲሱ ሱፉ ተንበርክኮ አብሮ ሲፈልግ ነበር።

ተከራዮች መጀመሪያ ይፈሯት ነበር። «ውድቅ» ካለች ከቤት የምታስወጣቸው ይመስላቸዋል። አንድ አባት በራቸው ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ስድስት ነፍስ ይዤ የት እወድቃለሁ?» አሏት።

«የወደቀው ቤቱ ነው አባባ! እርስዎን ምን አገባዎት? የሚወጣው ሻጋታው ነው።»

ሻጋታውን ሦስት ቀን ስፍቅ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ፍተሻው በኮንትራት ለውጭ ድርጅት ተሰጠ። ለእሷ የቀረላት ድርጅቱ ካያቸው ቤቶች ጥቂቱን መልሶ ማየት ብቻ ሆነ። የድርጅቱ ሰዎች በቀን አርባ ቤት ይጨርሳሉ። እንዴት ብትሉ፣ ሰው የሌለበት ቤት ሲያጋጥማቸው የተዘጋውን በር ፎቶ ያነሡና «በሩ ደህና ነው፤ አልፏል» ብለው ይልካሉ። እውነቱን ልናገርና እኔ ወደድኳቸው። «ውድቅ» የሚል ወረቀት ከጠረጴዛዬ ጠፋ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት አርፌ አላውቅም፤ ሥራ ከመፍታቴ የተነሣ ከባለቤቴ ጋር ለመጣላት እንኳ ጊዜ አገኘሁ።

በመጨረሻ ደብዳቤው መጣ። ድርጅቱ ደብዳቤ የሚጽፍ ማሽን አለው፤ ማሽኑ ቤቱን ከተከራዩ አይለይም። አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት፣ «እርስዎ በትናንትናው ዕለት አልፈዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ላከላቸው። ወንድ ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ቢሯችን ገባ።

«እናቴ ቁጭ ብላ ሹራብ እየሠራች ነው! መቼ ነው ያለፈችው?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀችው ወይዘሮ ውድቅ ብቻ ናት።

«እናትህ ጤናቸው እንዴት ነው?» አለችው።

«ደህና ናት። ሰሞኑን ራሴን ያመኛል፣ ያዞረኛል ትላለች እንጂ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

እናትየው ቤት ስትደርስ የጋዙ ውሃ ማሞቂያ የጭስ ቱቦ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተላቆ አገኘችው። ወደ ውጭ መውጣት ያለበት ሽታ የሌለው መርዝ ወደ ክፍሉ ይገባል። መስኮቱ ለብርዱ በላስቲክ ታሽጓል። ድርጅቱ ማሞቂያውን ከፊት ለፊቱ ፎቶ አንሥቶ ሄዷል። እሷ አንድ ሳምንት ብትዘገይ ኖሮ የማሽኑ ደብዳቤ እውነት ይሆን ነበር። የቸኮለ እንጂ የተሳሳተ አልነበረም።

በዚያው ቀን አስጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ቱቦ የገጠመው ማነው?»

«እኔ ነኝ።» ሁለት ማሰሪያ የሚፈልገውን በአንድ ማሰሪያ ገጥሜው ነበር።

«እጽፈዋለሁ።»

የሃያ ዓመት ባልደረባዬ ናትና ትተወኛለች ብዬ ነበር። ጻፈችው፤ ስሜን ከነአባቴ። ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አላልኳትም። በአንዱ ደረጃ ስትወጣ በሌላው እወርድ ነበር።

ዛሬ በሰው ፊት ልበለው፤ ሁለተኛ አልደግመውም። ጥሩ አድርገሻል። ስሜን ባትጽፊው ኖሮ የቀሩትን ቱቦዎች ተመልሼ አላያቸውም ነበር። ሄጄ አየሁ። አሥራ አንዱ እንደዚያው ነበሩ። ስለ አሥራ አንዱ ቤተሰብ አመሰግንሻለሁ። ስለ ራሴም። የሰው ነፍስ በአንገቴ ሳይንጠለጠል እንዳረጅ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

ሥራ አስኪያጃችን ግን ባለፈው ሳምንት፣ «በእሷ ቦታ ሰው አያስፈልግም፤ ድርጅቱ ራሱን በራሱ ይፈትሻል» አሉኝ። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያወቅሁት በየመጽሐፉ እየዳከርኩ ነው። ራሱን ፈትኖ የወደቀ ሰው በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። «ዛሬ እንኳ ይተዉን፣ ድግስ ነው» ብለውኛል። አልተውም።

ድርጅቱ ያያቸው ቤቶች ወረቀት የእኔ ፊርማ ካላረፈበት አይዘጋም፤ ካልተዘጋ ደግሞ ድርጅቱ አይከፈለውም። ስፈርምበት የኖርኩት ብዕር ይኸውላችሁ። እንኪ፣ ያዢው። በሌላ ብዕር ፈርሜ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። በቦታሽ ሰው እስኪቀመጥ ድረስ ቤትሽ ይክረም። ፊርማዬን የፈለገ ደጅሽ ድረስ መጥቶ ይለምንሽ።

በሉ ተነሡ፤ ብርጭቆአችሁን አንሡ። ጉልበትሽ አይዛል፤ ዓይንሽ አይፍዘዝ፤ የልጅ ልጆችሽ ቤትሽን ይገለባብጡት፤ አንቺም ተቆጥተሽ አትጥገቢ። በጤናሽ!

ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎም ያንሡ እንጂ፤ ለመጠጣት የእኔ ፊርማ አያስፈልግም።