የማግኔቱ ርክክብ

ረፋድ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ክፍል፤ የኬሚስትሪ መምህርቷ ዶክተር ትርንጎ በኃላፊው በአቶ ጌጤነህ ጠረጴዛ ፊት ለሦስተኛ ጊዜ ቆማለች፤ የምትፈልገው አዲስ ዕቃ ከጀርባው ባለው መጋዘን ታሽጎ ተቀምጧል።

ትርንጎ፦ አሮጌውን ይመልሱ አሉኝ፣ መለስኩ። አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?

ጌጤነህ፦ የመለሱት ቁም ሳጥን የሚያክለውን ብቻ ነው ዶክተር። መዝገቡ የሚለው «ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ፣ ብዛት አንድ» ነው። አንድ ወጥቷል፣ አንድ ይገባል።

ትርንጎ፦ መሣሪያው እኮ ሁለት አካል አለው። ማግኔቱ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ከማግኔቱ የሚመጣውን ምልክት የሚያነበው ኤሌክትሮኒክሱ፣ ያ የመለስኩት ሳጥን ነው። የምንቀይረውም እሱን ብቻ ነው። ጎማ ሊቀይር የመጣ ሾፌር መኪናውን ያስረክባል?

ጌጤነህ፦ ሾፌሮቹም መጀመሪያ እንዲህ ነበር የሚሉኝ።

ትርንጎ፦ በኋላስ?

ጌጤነህ፦ በእግራቸው ሄዱ።

ትርንጎ፦ አዲሱ ሦስት ወር ሙሉ ታሽጎ ተቀመጠ እኮ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ጌጤነህ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ትርንጎ፦ ሲፈን የምትባል የአራተኛ ዓመት ተማሪ አለችኝ። ከግራዋ ቅጠል አንድ ነገር ለይታ አውጥታለች፤ ምን እንደሆነ በትክክል የሚነግራት ይሄ መሣሪያ ነው። የዛሬ ወር ትመረቃለች። እስከ ዛሬ ሲሠራ ያየችው ግን በመጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ላይ ብቻ ነው። አስተማሪዋ ሆኜ ዓይኗን ማየት አፍራለሁ።

ጌጤነህ፦ እኔም ልጅ አስተምራለሁ፣ ይገባኛል። ኦዲተር ሲመጣ ግን ስለ ግራዋ አይጠይቀኝም። ማግኔቱን ያምጡ፣ አዲሱን ይውሰዱ።

ትርንጎ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!

ጌጤነህ፦ ሞኙን ይተዉት፣ ወረቀቱ ይበቃኛል።

ትርንጎ፦ እሺ፣ አስረክባለሁ። ርክክቡን ጽፌ መጥቻለሁ፣ ይፈርሙልኝ።

ጌጤነህ፦ እንዲህ ነው እንጂ! መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ያንብቡልኝ።

ትርንጎ፦ «ተረካቢው ማግኔቱን በፈሳሽ ሂሊየም እያቀዘቀዘ ይጠብቃል። ሂሊየሙ አልቆ ማግኔቱ ቢሞት ተጠያቂው ተረካቢው ነው።»

ጌጤነህ፦ ዕቃ ይሞታል እንዴ? ሂሊየሙስ ከየት ይመጣል?

ትርንጎ፦ ከውጭ አገር። የግዢ ጥያቄው አምስት ፊርማ ይፈልጋል፤ አንዱ የእርስዎ ነው። ይቀጥላል፦ «ተረካቢው ብረት የሆነ ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ ያደርጋል።»

ጌጤነህ፦ ቢደርስስ?

ትርንጎ፦ ጎትቶ ይለጥፈዋል። መደርደሪያዎችዎ ምንድን ናቸው?

ጌጤነህ፦ ብረት።

ትርንጎ፦ በሩስ?

ጌጤነህ፦ ዶክተር፣ ቀስ ይበሉ እስቲ።

ትርንጎ፦ ሦስት ወር ቀስ አልኩ እኮ። «ተረካቢ፣ አቶ ጌጤነህ» የሚለው ላይ ይፈርሙ። እስክሪብቶ ይኸው።

ጌጤነህ፦ ከነገሩ ጦም እደሩ! ቆይ፣ ይሄ ማግኔት እንዲያው የተቀመጠ ነው ወይስ ወለሉ ላይ ታስሯል?

ትርንጎ፦ በቡሎን ታስሯል።

ጌጤነህ፦ ታዲያ ይህንን ቀድመው አይናገሩም? ወለል ላይ የታሰረ ነገር ሕንፃ ነው፤ ሕንፃ ደግሞ የግንባታ ክፍል እንጂ የእኔ አይደለም። ማግኔቱን «ግድግዳ» ብለው ይጻፉልኝና አዲሱን ሳጥንዎን ይዘው ይውጡ!