ፓውደሩ የሚነሰነሰው ለማን ነው?

ይህን የምጽፈው በጁምዓ የፊደል ትምህርታችን አብረውኝ ለሚቀመጡ እናቶችና ልጅ ለሰው ጥለው ሥራ ለሚሄዱ ሁሉ ነው።

ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሪያድ ውስጥ ሱለይማኒያ በሚባለው ሰፈር፣ ከአሠሪዬ ከማዳሜ ቤት ጀርባ ካለ ፋርማሲ ገብቼ ትልቁን የሕፃን ፓውደር ከመደርደሪያው ሳወርድ፣ አንዲት ሴት ከኋላዬ በአማርኛ ተናገረችኝ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህ ለስንት ወር ልጅ ነው?»

ዞር ብዬ አየኋት። የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ወጣት ናት። የአገሬን ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ የማላውቀው ሰው ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ ግን እፈራለሁ።

«ሰባት ወሩ ነው» አልኳት። «ዳይፐር የሚታሰርበት ቦታ ቀልቶ እንቅልፍ አሳጥቶታል። የሚይዙልኝ ሴት ፓውደሩ አልቋል ብለውኝ ነው።»

«ሲቀላ ነው ፓውደር የምታደርጉለት?»

«ሲቀላም፣ ሳይቀላም።»

ሳቀች፤ የንቀት ሳቅ ግን አልነበረም። ስሟ ሶሊያና ነው። አባቷ መሐንዲስ ሆነው ሪያድ ሲመጡ በልጅነቷ አብራቸው መጥታ፣ ነርስነት ተምራ፣ አሁን በአንድ የግል ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ትሠራለች። ፓውደር ለሕፃን እንደማይመከር ልትነግረኝ ስትጀምር አቋረጥኳት።

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ይጠቅማል? ቀኑን ሙሉ ልጁን የሚይዙት እትዬ ታንጉት ናቸው። እኔ ደፍሬ አልናገራቸውም። እሳቸው ከተቀየሙኝ ልጄን የምጥልበት የለኝም። ባለቤቴ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ነው የሚያድረው፣ ማዳሜ ደግሞ ልጅ ይዘሽ እንዳትገቢ ብላኛለች።»

ሶሊያና ትንሽ አሰበችና «አርብ እረፍቴ ነው። እንግዳ ሆኜ ልምጣ» አለች።

እትዬ ታንጉትን ለማታውቁ ልንገራችሁ። መንፉሐ ሰፈር፣ ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል የሠራተኛ እናቶችን ልጆች የሚያውሉ፣ የደብረ ታቦር ሴት ናቸው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላቸው ከሰፈር አይወጡም። ንጹሕ ናቸው፤ ምንጣፋቸው ላይ ፍርፋሪ አይታይም። እኔ ማታ ስመጣ ልጄ ሀቢብ ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሽቶ ሽቶ እያለ ነው የሚጠብቀኝ።

አርብ ዕለት ስንገባ ሀቢብን አጋድመው፣ ዳይፐሩን ፈትተው፣ የፓውደሩን ዕቃ እያራገፉ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! ይቺ ቆንጆ ደግሞ የማን ናት?»

«ሶሊያና እባላለሁ፣ እማማ። የሕፃናት ነርስ ነኝ።»

«ነርስ! እንግዲያው ይህን ጉልበቴን ታይልኛለሽ።»

«ለሕፃናት ክፍል ጉልበትዎ ትንሽ አድጓል።»

እትዬ ታንጉት ከት ብለው ሳቁ። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ሶሊያና አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ በትሕትና፣ ፓውደሩን ለምን እንደሚያደርጉ ጠየቀቻቸው።

«ለምን ትላለች እንዴ! እንዲደርቅለት ነዋ። እኔ የራሴን ልጆች በቅቤ አሳደግኋቸው። እዚህ እንደዚያ ያለ ቅቤ ከየት ይመጣል? በፓውደር ተካሁት። አንቺ ወልደሻል?»

«ገና ነኝ።»

«ታዲያ ማንን አጥበሽ አወቅሽ?»

«የሰው ልጆችን።»

«እኔስ የማንን የማጥብ መስሎሽ ነው?»

«ልክ ነዎት» አለች ሶሊያና። «እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያያሉ። እኛ ጋ የሚመጣው የታመመው ብቻ ነው። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ልጁ ሸንቶ ፓውደሩ ሲረጥብ ምን ይሆናል?»

«ይለጠፋል።»

«የት ላይ?»

«እጥፋቱ ውስጥ ነዋ። እንደ ሊጥ ይሆናል።»

«ሲደርቅስ?»

እትዬ ታንጉት ጣታቸውን ወደ ሀቢብ ጭን እጥፋት ሰደው ዳበሱና «ይሻክራል» አሉ ቀስ ብለው።

«ያ ሻካራ ነገር ነው ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚፍቀው። አሁን ደግሞ እስቲ ትንሽ እዚህ መስኮቱ ጋ ያራግፉት።»

መስኮቷ ጠባብ ናት፤ የቀትሩ ፀሐይ በእሷ በኩል እንደ ሰንጢ ስል ሆኖ ይገባል። እትዬ ታንጉት ዕቃውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረጉት። ዱቄቱ መሬት ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ አየሩ ላይ ቆመ። ብርሃኑ ውስጥ እየተንሳፈፈ ወደ ምንጣፉ፣ ወደ ልጄ ፊት ሄደ። ሀቢብ የሚያብለጨልጭ ነገር አይቶ አፉን ከፈተ። እኔ ሳላስበው ዘልዬ አነሳሁት።

«ይህ ደቃቅ ነው፣ ወደ ሳንባ ይገባል» አለች ሶሊያና። «ከድንጋይ ዱቄት የተሠራውም፣ ከበቆሎ የተሠራውም፤ ለሕፃን ትንፋሽ ሁለቱም ዱቄት ናቸው።»

«የሪያድ አቧራ ሲነሳ ሰማዩ ቡና ይመስላል! ያንን ተንፍሶ ያደገ ልጅ በዚች ይሞታል?»

«አቧራውን እኔና እርስዎ ማስቆም አንችልም። ይቺን ግን እንችላለን።»

እትዬ ታንጉት ዕቃውን ከደኑ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሶሊያና ግን ልጁን ከእኔ ተቀብላ ቁስሉን በደንብ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሀያት፣ ባለፈው ሳምንት ድኖ ነበር ብለሽኛል?»

«አዎ፣ በአንድ አዳር ጥርግ አለ። ሲመለስ ግን ባሰበት።»

«እማማ፣ ከፓውደሩ ሌላ የቀቡለት ነገር አለ?»

እትዬ ታንጉት ሻሻቸውን ፈትተው መልሰው አሰሩ።

«ሀያት፣ መርማሪ ነው እንዴ ያመጣሽብኝ? በቤቴ፣ እንግዳ ናት ብለሽ? ኸላስ፣ በቃ! ከነገ ጀምሮ ልጅሽን ለሌላ ስጪ።»

ነገ ቅዳሜ ሥራ አለኝ። ልጄን ማን ይይዝልኛል? ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሶሊያና ቀደመችኝ።

«እማማ፣ ምንም ቢቀቡ ሊያድኑት ብለው ነው። ይህንን አልጠራጠርም። የምጠይቀው ልወቅስዎ ሳይሆን ልጁን ምን እንደነካው እንዳውቅ ነው።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» አሉ እትዬ ታንጉት፤ ከድምፃቸው ግን ቁጣው እየወጣ ነበር። «እናቶቹ ማታ ሲመጡ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? አንገቱን ያሸታሉ። ከሸተተላቸው ‹እትዬ ጎበዝ› ይሉኛል። ቀልቶ ካዩ ደግሞ ‹እንዴት ብትይዘው ነው› ብለው ሌላ ሴት ጋ ይሄዳሉ። እኔ ኢቃማ የለኝም። በዚህ ጉልበት ሰው ቤት ገብቼ ወለል አልጠርግ። የቀላ ልጅ ታቅፌ እናት ፊት ልቁም?»

ይህንን ስሰማ አፈርኩ። ፓውደሩ ለልጄ የሚነሰነስ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚነሰነሰው ለእኔ ነው። ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ የደከሙትን ድካም የማየው በአፍንጫዬ ሆኖ፣ እሳቸውም ለአፍንጫዬ ሲሠሩ ኖረዋል።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «አንገቱን የማሸተው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሳይሸት ቢቆየኝ ምንም አልልም። ቀልቶ ከዋለም ቀልቷል ይበሉኝ። ሌላ ሴት ጋ አልሄድም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

እትዬ ታንጉት በአንገታቸው ያለውን ማተብ ነካ አደረጉና ተነሡ። ከፍራሹ ስር አንዲት የተጨማደደች የቅባት ቱቦ አወጡ። በረንዳ ለበረንዳ እየዞረች ዕቃ የምትሸጥ ሴት «ባንዴ የሚያድን» ብላ የሰጠቻቸው ናት። ሶሊያና ጽሑፉን አነበበች።

«ይህ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ለአዋቂ ሰው፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ። አንዳንድ ሴቶች ፊት ለማቅላት ከሌላ ጋር የሚቀላቅሉትም ይህንን ዓይነት ነው።»

«ግን እኮ አዳነው!»

«ቅላቱን ደበቀው እንጂ አላዳነውም። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው። ላዩ ላይ ዳይፐር ሲታሰር እንደ ክዳን ያፍነውና መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሲበዛ ደግሞ ወደ ደም ገብቶ እድገቱን ሊያውክ ይችላል። ቁስሉ የፈንገስ ከሆነም ያባብሰዋል።»

«ገደልኩት በይኛ!»

«የለም፣ እማማ። የቀቡት ጥቂት ቀን ነው። አሁን ግን ሐኪም ይየው፤ የተቀባውም ለሐኪሙ ይነገር።»

«እኔ ሕፃን ታቅፌ ክሊኒክ ልግባ? ኢቃማ ቢሉኝስ?»

«እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ። «ነገ ማዳሜን አስፈቅዳለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጠያቂዋ እትዬ ታንጉት ሆኑ። ፓውደር ከሌለ በምን ላድርቀው አሉ። ሶሊያናም ለብ ባለ ውኃ አጥበው፣ በለስላሳ ጨርቅ ሳይፈትጉ እየነካኩ እንዲያደርቁት፣ ዳይፐሩንም አውልቀው ለጥቂት ጊዜ አየር እንዲያገኝ እንዲተዉት ነገረቻቸው።

«ምንጣፌ ላይ ይሸናል!»

«ፎጣ ያንጥፉለት።»

«ሽቶ ያለው እርጥብ መጥረጊያስ?»

«ለቆሰለ ቆዳ አይሆንም፤ ያቃጥለዋል። ዳይፐሩ እስኪሞላ አይጠብቁ፣ እንደረጠበ ይለውጡ። ዋናው መድኃኒት ይኸው ነው። ከደረቀ በኋላ ዚንክ ያለበትን ነጭ ወፍራም ቅባት፣ ወይም ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይለቅልቁት። ሽንቱ ቆዳውን እንዳይነካው ይጋርድለታል። ከፓውደር ጋር ግን አይደባልቁት።»

«ሐኪም ጋ መቼ ነው የሚኬደው?»

«በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ውኃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ፣ ካተኮሰው፣ ወይም በእጥፋቱ ውስጥ በጣም ቀልቶ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ። ያኔ በግምት የሚቀባ ነገር የለም።»

በማግሥቱ ሐኪሙ ቱቦዋን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በእጥፋቱ ውስጥ ያለው ፈንገስ መሆኑን ነግሮኝ ለእሱ የሚሆነውን ቅባት አዘዘልኝ። ሀቢብ ቀስ በቀስ ተሻለው፤ እንደ ቱቦዋ በአንድ አዳር አልነበረም፣ ግን ተመልሶ አልቀላም። እንቅልፉም ተመለሰለት።

እትዬ ታንጉት አሁን ከሶሊያና በላይ ጥብቅ ሆነዋል። አስናቀች የምትባል አዲስ እናት የፓውደር ዕቃ ይዛ ብትመጣ «ይህን ለጫማሽ አድርጊው፣ እህቴ» ብለው መለሱላት። ሴትየዋ «ታዲያ ልጄ ምን ምን ይሸት?» ብትላቸው «ልጅ ልጅ ይሸት» አሏት። አስናቀች ተቀይማ እንዳትሄድ ፈርቼ ነበር፤ ልጇን ሰጥታ ሄደች።

እናቶች ሆይ፣ ጥቅሙን በራሴ ቤት አየሁት። የልጄ ትንፋሽ ከዱቄት ዳነ። ቆዳው ከማይታወቅ ቅባት ዳነ። ለፓውደር ይወጣ የነበረው ለዳይፐር ስለሚሆን ልጁ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ልጅ የምትይዝላችሁን ሴት ግን በማሽተት አትለኩ፤ ጠይቋት፣ የምትነግራችሁንም ሳትቆጡ ስሙ። እኛ ስንቆጣ እሷ ትደብቃለች፤ የተደበቀው ነገር የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ እትዬ ታንጉት ጫማዬን ሳላወልቅ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ሀያት፣ ዛሬ አስቀምጦት ስለዋለ ትንሽ ቀልቷል። ቶሎ ቶሎ ለውጬዋለሁ፣ ነጩንም ቀብቼዋለሁ። ነይ፣ መብራቱ ጋ ወስደሽ እይው።»

አየሁት። ቀልቷል። እንደ ልማዴ ደንገጥ አልኩ፤ ቢሆንም እትዬ ታንጉት አጠገቤ ቆመው አብረውኝ ያዩ ነበር።

«እሺ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ነገም እንየው።»