በቀለ አይቶት ዝም ያለው ጎማ

በእኛ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት ማለቴ ነው፣ እዚህ ናይሮቢ አንዲት ሐበሻ ሴት በሳይክል ሥራ ትሄዳለች ቢሏችሁ ማን ያምን ነበር? እኔ ግን ሄጃለሁ፣ ያውም በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ያውም ጎማዋ እንደ ጣቴ በቀጠነች የእሽቅድድም ሳይክል። ሜሮን፣ አንቺ አትሳቂ፣ የወንድሜ ልጅ ሆነሽ ይህን ሳትሰሚ ማደግሽ የኔ ጥፋት ነው፣ አሁን ልንገርሽ።

ታዲያ ያኔ የምንኖረው ካሳራኒ ነው፣ እኔና ባለቤቴ በቀለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። እሱ ልብስ ሰፊ ነበር፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ለሐበሾቹ ቀሚስ፣ ለጎረቤት ልጆች ዩኒፎርም ይሰፋል። እኔ ደግሞ ኪሌሌሽዋ ወይዘሮ ጽጌ የምትባል የአገራችን ሰው ሬስቶራንት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነኝ። እና ከካሳራኒ ኪሌሌሽዋ መሄድ ማለት አንድ ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ ወደ ታውን፣ ወደ መሀል ከተማ፣ ከታውን ደግሞ ሌላ ማታቱ ነው፣ የቲካ መንገድ ያኔ እንደ አሁኑ ሰፊ አይደለም፣ ጃም ከያዘሽ ያዘሽ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ወጥቼ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ። ወይዘሮ ጽጌ በሩ ላይ ቆማ፣ ድምጿ ደግሞ ለስለስ ያለ ነው፣ "አሰለፈች እህቴ፣ ሽንኩርቱ እኮ አልተከተፈም" ትለኛለች። አንድ ቀን አለችኝ፣ ሁለት ቀን አለችኝ፣ በሦስተኛው "ቅርብ የምትኖር ሰው ልፈልግ መሰለኝ፣ አትቀየሚኝ" አለችኝ። ምን እቀየማለሁ፣ እውነቷን ነው።

ታዲያ ከሬስቶራንቱ ፊት ለፊት አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ ትኖር ነበር፣ ሽሮ የምትወድ፣ አገሯ ልትገባ ስትል ዕቃዋን ለሰው ስታድል ሳይክሏን አየሁት። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ሰማያዊ። ዝም ብዬ ሳየው "መንዳት ትችያለሽ?" አለችኝ። እኔ እኮ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ድሬዳዋ ሳይክል የማይነዳ ማን አለ፣ በወንድሜ ሳይክል፣ በአንቺ አባት ሳይክል ማለቴ ነው ሜሮን፣ ተደብቄ ነው የተማርኩት። "እችላለሁ" አልኳት። "ውሰጂው" አለችኝ። በቃ።

እና ያን ዕለት እየነዳሁ ገባሁ። ፎቁን ተሸክሜያት ወጣሁ፣ ቀላል ናት። በቀለ ሲያያት መኪናውን አቆመ።

አሁን ስለ በቀለ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በቀለ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፣ ደህና ተወዳዳሪ። ታዲያ አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ ሦስት ቦታ ተሰበረ፣ ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። የተጋባነው ከዚያ በኋላ ነው፣ እና ስለ ብስክሌት በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሣ፣ እሱም አያነሣ።

"ይህን ብረት ከየት አመጣሽው?" አለኝ።

"ተሰጠኝ።"

"መልሺው።"

"ሰጪዋ ነገ አገሯ ልትገባ ነው፣ ለማን ልመልሰው?"

"እንግዲያው ስለሱ አንድ ነገር እንዳትጠይቂኝ" አለኝ።

"እሺ፣ አልጠይቅህም" አልኩት፣ እኔም እልህ ያዘኝ። እና ሁለታችንም ቃላችንን ጠበቅን፣ ጥፋቱ ከዚያ ነው የጀመረው።

ታዲያ መሄድ ጀመርኩ። በማለዳው ብርድ፣ በሱሪ፣ ነጠላዬንና ቀሚሴን ከኋላ አስሬ፣ በቲካ መንገድ ወርጄ፣ ሙታይጋን፣ ፓንጋኒን፣ ንጋራን አልፌ ኪሌሌሽዋ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ማታቱዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፣ እኔ በጎናቸው እልፋለሁ፣ ሰዎቹ በመስኮት "ማማ፣ ማማ" ይሉኛል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ ሴቶቹ፣ ታውቂያቸዋለሽ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው "አሰለፈች ምን ነካት፣ ባሏ ዝም ይላታል?" ይላሉ። ባሌማ ዝም ብሎኛል፣ ችግሩ እሱ ነው። ግን አልዋሽሽም፣ ወድጄው ነበር። በአርባ አንድ ዓመቴ አንድ የራሴ የሆነ ነገር አገኘሁ አልኩ።

እና ሁለት ወር እንደሄድኩ ሰንሰለቱ መጮኽ ጀመረ፣ ሲር ሲር ይላል፣ ዳገት ላይ ይባስ። በቀለን አልጠይቅ፣ ተማምለናል። ወጥ ቤት ነው የምውለው፣ ዘይት ሞልቷል፣ እና ምን አደረግኩ መሰለሽ፣ የምግብ ዘይት አፈሰስኩበት። በማግሥቱ ድምፁ ጠፋ፣ ጎበዝ ነኝ አልኩ። በሳምንቱ ሰንሰለቱ ጥቁር ጭቃ ሆነ፣ አቧራውን ሁሉ ለቅሞ፣ ማርሹ አልቀየር አለ።

ሮይሳምቡ መታጠፊያው ላይ ካማው የሚባል ፉንዲ ነበር፣ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሳይክል የሚጠግን፣ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሲናገር አይቸኩልም። ሰንሰለቱን በጣቱ ነካ አደረገና አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማማ፣ እዚህ ላይ ቻፓቲ ጠብሰሻል?"

"ዘይት ነው ያደረግኩበት።"

"የምን ዘይት?"

"የምግብ።"

አልሳቀም፣ ያ ነው ያሳፈረኝ። "የምግብ ዘይት ይደርቅና ሙጫ ይሆናል" አለኝ፣ እና አስቀምጦ አሳየኝ። ሰንሰለቱን በላምባ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው፣ በጨርቅ አደረቀው፣ ከዚያ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ፣ ትንሽ ቆየና በላዩ የቀረውን ጠረገው። "ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጡ ነው፣ ላዩ ላይ የቀረው አፈር ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ብታገኚ ይበቃሻል" አለኝ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ትሰሚያለሽ? ቤቴ ውስጥ፣ በበቀለ መኪና አጠገብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የተቀመጠ ብልቃጥ። በቀለ እኮ የምግብ ዘይቱን ሳፈስ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ካማው ያን ቀን ሌላም ነገር ነግሮኝ ነበር። "የጎማሽ ስፋት ሃያ ሦስት ሚሊ ነው፣ ቀጭን፣ የውድድር ነው፣ እዚህ መንገድ ዳር ያለው ጠጠር ይበላዋል፣ ሰፋ ያለውን፣ ሃያ ስምንቱን ልፈልግልሽ" አለኝ። እኔ ግን "ቀጭኑ ይፈጥናል፣ ተወው" አልኩት፣ ስለዚህ ኋላ የሆነው ሁሉ በበቀለ አይሳበብም፣ የኔም ድርሻ አለበት።

ከዚያ ከብልቃጡ እየቀዳሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንሰለቴን አጥባለሁ፣ አቀባለሁ። በቀለ አይናገርም። ብልቃጡ ሲያልቅ ግን ሌላ ገዝቶ እዚያው ቦታ ያስቀምጣል። እኔም አላመሰግነው፣ እሱም አይጠይቀኝ፣ እንዲህ ሆነን ከረምን።

ታዲያ የሚያዝያ ዝናብ መጣ። አንድ ጠዋት ከሙታይጋ አደባባይ ወደ ፓንጋኒ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ነው፣ አስፋልቱ ርሷል፣ ከኋላዬ ጧ አለ። ጎማው ፈነዳ፣ የኋላው። ሳይክሏ ከሥሬ ወደ ጎን ሄደች፣ እኔ ወደ ሌላ ጎን፣ እግዚአብሔር ሲያተርፈኝ ወደ ቀዩ ጭቃ ነው የወደቅኩት፣ ወደ መኪናው አይደለም። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ማታቱ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። የማታቱውን ጎማ ከወደቅኩበት ሆኜ አየዋለሁ፣ ፊቴ ነው ያለው። ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ።

በቆሎ የምትጠብስ ሴት አንሥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ፣ "ፖሌ፣ ፖሌ ማማ"፣ አይዞሽ እያለች ፊቴን በውሃ አጠበችልኝ። የግራ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ ጀሶ ታሰረልኝ። ወይዘሮ ጽጌ፣ እግዜር ይስጣት፣ "ስድስት ሳምንት እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም" አለችኝ።

ቤት ስገባ በቀለ ጀሶውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ሳይክሏን ያመጣልኝን ሰው አመሰገነ፣ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ቁጭ አለና፣ መሬት መሬት እያየ፣ "የኋላው ነው?" አለኝ።

"እንዴት አወቅክ?"

"ክሩ ወጥቶ ነበር። ካየሁት ሦስት ሳምንት ሆነኝ።"

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። "ምኑን ካየኸው?"

"ጎማውን። የኋላው ነው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው፣ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። መሀሉ ጠፍጥፎ ክሩ ታይቶ ነበር። ዝናብ ሲመጣ እንደሚፈነዳ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ መከርኩሽ ማለት ነው፣ ከመከርኩሽ ደግሞ ፈቀድኩልሽ ማለት ነው" አለኝ። "አንድ ቀን ጎማው መንገድ ላይ ያስቀርሽና ትተይዋለሽ ብዬ ነው። መውደቁን… መውደቁን አላሰብኩትም ብልሽ እዋሻለሁ፣ አስቤዋለሁ፣ ማታ ማታ አስበው ነበር" አለ።

ምን ይባላል? እስቲ አንቺ ምን ትይ ነበር ሜሮን? እኔ አሥር ቀን አላናገርኩትም። ምግብ ያቀርብልኛል፣ እበላለሁ። ጸጉሬን በአንድ እጄ ማሰር ሲያቅተኝ ከኋላዬ መጥቶ ያስርልኛል፣ ዝም እላለሁ። ተናድጄ ብቻ አይደለም፣ ፈርቼዋለሁ። ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ሞቴን እያየ ልብስ ሲሰፋ ነበር የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ፣ ያን ማውጣት ቀላል አይደለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከእንቅልፌ ስነሣ ሳይክሏ የለችም። በቀለም የለም። ሸጣት አልኩ፣ ጣላት አልኩ። እኩለ ቀን ሲሆን ደረጃው ላይ ሲያነክስ ሰማሁት፣ አራት ፎቅ፣ በዚያ እግሩ፣ ሳይክሏን ትከሻው ላይ አድርጎ። ካማው ዘንድ ነው ያረፈደው። በቀለ ስዋሂሊ እምብዛም አይችል፣ ካማው አማርኛ አያውቅ፣ እንዴት እንደተግባቡ እንጃ። ኋላ ካማውን ስጠይቀው "ባልሽ ሲመጣ ጎማውን በሁለት ጣቱ ለካ፣ ሰፊው ጎማ ይገባ እንደሆነ ፍሬኑ ሥር ያለውን ክፍተት በጣቱ ለካ፣ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ይህ ሰው ያውቃል አልኩ። መፍቻ ሰጠሁት" አለኝ።

ሃያ ስምንት አስገጥሞላታል፣ የፊቱንም የኋላውንም። እና ሳይክሏን ገልብጦ ወለሉ ላይ አቆማትና "ነይ" አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። "አሰለፈች፣ እባክሽ ነይ" አለኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ እባክሽ ሲለኝ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ልቆጥርልሽ እችላለሁ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያስተምረኝ ጀመር። "ጎማውን በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ እሺ ይበልሽ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከተነፋ እርጥብ መንገድ አይዝልሽም። እሁድ እሁድ ዙሪያውን በእጅሽ እየዳሰስሽ የተሰካ ጠጠርና ጠርሙስ ንቀዪ። ሰንሰለቱን ከፊት ካለው ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ ላይ እንዲህ ወደ ፊት ሳቢው፣ ከሥሩ ጥርሱ ግማሽ ድረስ ከታየ ሰንሰለቱ ተለጥጧል፣ ቀይሪው፣ ካልቀየርሽው ጥርሶቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚሞተው።" አንድ ቀን ተኩል አስተማረኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ታፍኖ የኖረው ነገር ነው የወጣው። በመሀል ስለ ራሱ መውደቅ ነገረኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሱም ጎማ አልቆ ነበር። ወዳጁ የሆነ ሌላ ተወዳዳሪ ከኋላው እየነዳ አይቶት፣ ለማሸነፍ ብሎ ዝም አለው።

ያን ሲለኝ ማልቀስ ጀመረ። እኔ አላለቀስኩም። "ያደረገብህን ነው ያደረግክብኝ" አልኩት።

"አዎ" አለኝ። ሰበብ አልፈለገም።

ታዲያ ጀሶው ሲፈታ ስድስት ሳምንቱ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ጠዋት ሳይክሏን ላወርድ ስል ቀድሞኝ ተነሥቶ ጎማዎቹን ዳስሷል፣ ፍሬኖቹን ሞክሯል። "ልሂድ?" አልኩት። ፈቃድ ፈልጌ አይደለም፣ ቃሉን ከአፉ መስማት ፈልጌ ነው።

"ሂጂ። ቁልቁለቱ ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ አትያዢ" አለኝ።

እና እንዲህ አድርጌ ሌላ አምስት ዓመት ሄድኩ፣ መንገዱን ማስፋት ጀምረው ዳሩን ሁሉ እስኪቆፍሩት ድረስ። እሱ ግን አንድም ቀን አልወጣባትም፣ እግሩም እሺ አይለው፣ እኔም አልለመንኩት።

እዚህ ላይ ሜሮን አክስቷን አሰለፈችን አቋረጠቻቸው፦ "አክስቴ፣ ይቅር አልሽው ግን? እኔ ብሆን፣ ሶሪ፣ እፈታው ነበር።"

ይቅር ያልኩበትን ቀን አላውቀውም ልጄ። ከሥራ ስገባ መኪናውን አቁሞ "ዛሬ መንገዱ እንዴት ዋለ?" ይለኝ ጀመር፣ እና እነግረዋለሁ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደሰፋ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። እንዲያ ስናወራ ስናወራ አንድ ቀን ልቤን ብፈትሸው ያ ነገር የለም። አንቺ ትፈቺው ነበር፣ ልክ ነሽ ይሆናል፣ አልፈርድብሽም። እኔ ግን አንድ ነገር እላችኋለሁ፣ የማያውቅ ሰው ቢያጠፋ አንዴ ያጠፋል፣ እያወቀ ዝም ያለ ግን በየቀኑ ነው የሚያጠፋው፣ በቀለ ደግሞ ይህን ከኔ በፊት፣ ያን ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሲያስብ ነው ያወቀው።